ስምና ባለቤቱ፦ ከባንኮ ጎቲቲ እስከ ቢልባኦ

ከሐዋሳ ተነሥቶ ወደ ሞያሌ የሚዘልቀው መንገድ ይርጋለምን በጎን ትቶ ዲላ ሲገባ የአገሩ መልክ ይለወጣል። ከዲላ ወዲያ በወናጎና በይርጋጨፌ አድርጎ ወደ ኮቸሬና ወደ ገደብ ለሚሄድ መንገደኛ ዓይን የሚያርፍበት ባዶ መሬት የለም ማለት ይቻላል። ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰቱ፣ በጥላው ደግሞ ቡናው ተደራርበው ተዳፋቱን ሁሉ ይዘውታል። ይህ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ለደኑ ውበት ብቻ አይደለም፤ ደኑን ሳያጠፋ በውስጡ የኖረው ሕዝብ ሥርዓትም አብሮ ተመዝግቧል። መንገዱ ሌላም ነገር ያሳያል። ልጆች በለበሱት ማልያ ላይ የሚነበበው የባርሴሎና፣ የሪያል ማድሪድ፣ የአርሴናል ስም ነው። ከዚህ አገር የሚወጣው ቡና ይርጋጨፌ፣ ገደብ፣ ባንኮ ጎቲቲ እየተባለ ባሕር ይሻገራል፤ የባሕር ማዶው ኳስ ደግሞ ስሙን ይዞ እዚህ ይገባል። የቡናውን ስም በዓለም ፊት ያስከበረ አገር የኳሱን ስም እንዴት ያስከብር? እኔ የምለው ይህን ነው፦ የክለብ ማንነት ከስሙም፣ ከማልያው ቀለምም፣ ከዋንጫውም አይመጣም። ክለቡ የእኛ ነው የሚሉ ሰዎች ውሳኔውን በእጃቸው ሲያደርጉትና ለውሳኔያቸው ዋጋ ሲከፍሉ ብቻ ይጸናል። ለዚህም የስፔን ክለቦች ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ በገደብ የሚገኘው የባንኮ ጎቲቲ ቀበሌ ቡና ታሪክ ደግሞ የበለጠ ማስረጃ ነው።

ከስፔን እንጀምር። አትሌቲክ ቢልባኦ እ.ኤ.አ. በ1898 ሲመሠረት የወደቡና የብረቱ ከተማ ልጅ ነበር። ኳሱን ያመጡት እንግሊዛውያን ሠራተኞችና እንግሊዝ አገር ተምረው የተመለሱ የባስክ ወጣቶች ናቸው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ክለቡ ከባስክ ምድር ያልተወለደ ወይም በዚያ ኳስ ተምሮ ያላደገ ተጫዋች አያሰልፍም። ይህን የሚያስገድደው ሕግ የለም። ፌዴሬሽኑም፣ መንግሥትም፣ ሊጉም አላዘዙትም። አባላቱ ራሳቸው መርጠውት በየዘመኑ እየጸና የመጣ ልማድ ነው። ዋጋውም ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1984 የሊጉን ዋንጫ ካነሡ ወዲህ ሊጉን አላሸነፉም፤ የንጉሡን ዋንጫ ዳግም ለማንሣትም እስከ 2024 አርባ ዓመት ጠብቀዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ተቀናቃኞቻቸው ከብራዚል፣ ከአርጀንቲና፣ ከአፍሪካ የፈለጉትን ሲገዙ እነሱ ሌዛማ በሚገኘው ማሠልጠኛቸው የሰፈር ልጅ ያሳድጉ ነበር። እንዲህም ሆኖ ከስፔን አንደኛ ሊግ አንድም ጊዜ ያልወረዱ ክለቦች ሦስት ናቸው፦ ሪያል ማድሪድ፣ ባርሴሎናና አትሌቲክ ቢልባኦ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሀብታቸው አቆይቷቸዋል ቢባል ያስኬዳል፤ ሦስተኛውን ግን ያቆየው ሰው ነው።

ማንነት በዋጋ ይጸናል ማለት በክፉ ቀን ይበልጥ ይታያል። ባርሴሎና እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ጋምፐር አነሣሽነት ተመሥርቶ የካታሎኒያ ድምፅ ለመሆን የበቃው በኳሱ ብቻ አልነበረም። በ1925 ተመልካቹ የስፔንን ብሔራዊ መዝሙር በፉጨት በመቃወሙ ስታዲየሙ በመንግሥት ተዘግቶበታል፤ በ1936 የክለቡ ፕሬዚዳንት ጆሴፕ ሱኞል በጄኔራል ፍራንኮ ወታደሮች ተገድሏል። በፍራንኮ ዘመን አትሌቲክም ባርሴሎናም ስማቸውን ወደ ስፓኒሽ እንዲለውጡ ተገድደዋል። ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ልጆች ተመሥርቶ ገና ሳይጠና የጣሊያን ወረራ ደረሰበት፤ በወረራው ዓመታትም ስሙ በፋሽስቱ አስተዳደር ተለውጦበት ነበር። ስሙ የተመለሰው ደግሞ በወረቀት ተጽፎ ስለተቀመጠ አይደለም፤ የያዙት ሰዎች ስላልለቀቁት ነው። ከእነዚያ ሰዎች አንዱ የክለቡ ተጫዋች የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው፤ ኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. አህጉሩን መርተዋል። ስም ከመቃብር በላይ ነው የሚባለው ለሰው ብቻ አይደለም፤ የሚሸከመው ሰው ካገኘ ለክለብም ይሠራል።

ወደ ቡናው እንመለስ። በአገራችን ኳስ ውስጥ የቡናን ስም ያህል የከበረ ስም ጥቂት ነው። ኢትዮጵያ ቡና በ1968 ዓ.ም. ከቡና ሠራተኞች መካከል ተነሥቶ ለረጅም ዘመን ቡና ገበያ እየተባለ ሲጠራ ኖሯል። ከጎረቤት ሲዳማ ቡና አለ፤ ከምዕራብ ጅማ አባ ቡና አለ። ከእነዚህ ሁሉ የኢትዮጵያ ቡና ነገር ያስተምራል። ቅዱስ ጊዮርጊስ 30 ያህል የሊግ ዋንጫ ሲሰበስብ ቡና በፕሪሚየር ሊጉ ያነሣው ዋንጫ የ2003 ዓ.ም. አንድ ብቻ ነው። በቁጥር ሲታይ ሁለቱ አይወዳደሩም። በስታዲየም ግን ይወዳደራሉ፤ የሸገር ደርቢ ሲባል ከተማው ለሁለት የሚከፈለው በዋንጫ ብዛት አይደለም። ቡናማዎቹ ቢጫና ቡናማቸውን ለብሰው የሚዘምሩት ቡድናቸው ሲያሸንፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝማሬው ከጠፋ በቆየ ነበር። ይህ ደጋፊ በኢትዮጵያ ምድር በዋንጫ ብዛት ያልቆመ ማንነት ሊኖር እንደሚችል አስመስክሯል። አንድ ነገር ግን ሳይመለስ ይቀራል። የክለቡ መቀመጫ አዲስ አበባ ነው፤ ቡና የሚሸጥባትና የሚላክባት ከተማ እንጂ የሚለቀምባት አይደለችም። ይህ የክለቡ ጥፋት አይደለም፤ ክለቡ የተወለደው በዚያ በመሆኑ የዚያን ቦታ ሰው ይወክላል። ነገር ግን ቡናውን የሚለቅመው የገበሬ ልጅ በቡና ስም በተሰየመው ክለብ ድምፅ ያለው እንዳይመስለን። ስሙ የጋራ ሆኖ ውሳኔው የሌላ ሊሆን ይችላል።

ውሳኔው የሌላ ሲሆን ምን እንደሚከተል የአገራችን ሊግ ራሱ ይመሰክራል። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር፣ በክልል ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። በጀት የሰጠ ሰው በጀት ማንሣትም ይችላል። የጎንደሩ ዳሽን ቢራ ከፕሪሚየር ሊጉ ወርዶ ፈረሰ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የወንዶች ቡድንም እንዲሁ ከወረደ በኋላ ፈርሶ፣ ከዓመታት በኋላ እንደገና ተቋቁሞ በ2016 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆኗል። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ገና ወደ ሊጉ እንደወጣ ዋንጫውን ወሰደ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ወረደ። እነዚህ ቡድኖች ተጫዋችም አሠልጣኝም ደጋፊም ነበራቸው። ክለቡ እንዳይፈርስ ድምፅ የሚሰጥ ባለቤት ግን በሜዳው ዙሪያ አልተቀመጠም፤ የተቀመጠው በቢሮ ነበር። የሚወደው ብዙ፣ የሚወስንለት ጥቂት የሆነ ክለብ መጥፎ ዓመት በመጣ ቁጥር ህልውናው ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

አሁን ባንኮ ጎቲቲን ቀረብ ብለን እንይ። በመከር ወራት እሸት ቡናው ከየጓሮው እየተለቀመ ወደ ማጠቢያ ጣቢያው ይመጣል፤ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚንሳፈፈው ይለያል። ከተፈለፈለ በኋላ በገንዳ ይብላላል፤ በቦዩ ታጥቦ ወደ ማድረቂያው አልጋ ይወጣል። ከእንጨትና ከሽቦ በተሠራው አልጋ ግራና ቀኝ ሴቶች ቆመው የተሰበረውን፣ የተቦረቦረውን፣ ቀለሙ የተለወጠውን አንድ በአንድ ይለቅማሉ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ይሸፈናል፤ ማታም ይሸፈናል። ይህ ሁሉ ድካም አንድ ቀበሌ የራሱን ቡና ከጎረቤት ቀበሌ ሳይደባለቅ እንዲያወጣ ነው። በ2001 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡና ማገበያየት ሲጀምር ቡና በደረጃና በአካባቢ እየተመደበ ይሸጥ ጀመር፤ በግል ነጋዴ እጅ የገባው የጌዴኦ ቡና በይርጋጨፌ ስም ተጠቃሎ የቀበሌው ስም ከመንገድ ቀረ። የቀበሌ ስሙን ይዞ ውጭ አገር መድረስ የቻለው በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ በዩኒየን በኩል በቀጥታ የሚልከው ገበሬ ነበር። የይርጋጨፌ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ የባንኮ ጎቲቲ ማኅበርም በዚያ ጥላ ሥር ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ማሻሻያ የቡናን መነሻ ሳያጠፉ መሸጥ ለሌሎችም ተፈቀደ። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተነሥታ፣ ከስታርባክስ ጋር ተከራክራ በ2007 ስምምነት ላይ ደርሳለች። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። የሁሉም ገበሬ ቡና አንድ አፈር ያበቀለው ነው፤ ስሙን ያላጣው ግን የተደራጀው ነው።

ይህንን ትምህርት ወደ ኳስ ያዞረ ሰው ኤይባርን ያገኛል። ኤይባር በባስክ ተራሮች መካከል በጠባብ ሸለቆ የተቀመጠች 27,000 ያህል ሕዝብ ያላት ከተማ ናት። ጠመንጃ በመሥራት ትታወቅ ነበር፤ ኋላ ብስክሌትና የልብስ ስፌት መኪና ሠርታለች። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ወድማ ዳግም ተሠርታለች። ክለቧ እ.ኤ.አ. በ1940 ተመሥርቶ አብዛኛውን ዕድሜውን በዝቅተኛ ሊግ አሳልፎ በ2014 ወደ አንደኛው ሊግ ለመውጣት በቃ። ዕዳ የለበትም ነበር። የስፔን ሕግ ግን ካፒታሉ አነስተኛ ነው ብሎ 1.7 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ እንዲጨምር፣ ካልጨመረ ወደ ታች እንዲወርድ ጠየቀው። ክለቡ አንድ ሀብታም አልፈለገም። የአንዱን አክሲዮን ዋጋ 50 ዩሮ አደረገ፤ አንድ ሰው ሊገዛ የሚችለውንም በ100,000 ዩሮ ገደበ። ከከተማዋም፣ ከስፔንም፣ ከሌሎች በርካታ አገሮችም ሺዎች ገዙ። ገንዘቡ ሞላ፤ ክለቡም ሰባት የውድድር ዘመን በትልቁ ሊግ ቆየ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ያወቀ ሰው ኤይባር ያደረገችውን ለመረዳት አይቸገርም። በኋላ ወርዷል፤ ቢወርድም ግን አልፈረሰም፤ ባለቤቶቹ በቦታቸው ናቸውና።

እዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ ሦስቱም ሊሰሙ ይገባል። የመጀመሪያው የአቅም ነው። ቢልባኦ የብረት፣ የመርከብና የባንክ ከተማ ነበረች፤ የጌዴኦ ገበሬ መሬት ጠባብ ነው፣ የቡና ዋጋ አንድ ዓመት ወጥቶ አንድ ዓመት ይወርዳል፣ ለልጁ ደብተር የሚያስብ ሰው ስለ ክለብ አክሲዮን እንዲያስብ መጠየቅ ቅንጦት ነው ይባላል። ክርክሩ እውነት አለው። ቢልባኦን እንዳለች መቅዳትም አይቻልም፤ ስፔናውያኑ ራሳቸው አልቻሉም። ጎረቤቷ ሪያል ሶሲዬዳድ በባስክ ተጫዋቾች ብቻ ተሰልፎ እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1982 ሊጉን አሸንፎ፣ በ1989 ጆን አልድሪጅን ከሊቨርፑል አስመጥቶ ያንን መንገድ ትቶታል። ቢተወውም ግን ክለቡ ራሱን አላጣም፤ በማሠልጠኛው ልጆችን ማሳደግ ቀጥሏል። ስለዚህ እኔ የምከራከርለት የቢልባኦ ደንብ አይደለም፤ ደንቡን ማን እንደሚያወጣና ማን እንደሚያነሣ ነው። አቅም ደግሞ በአንድ ሰው ኪስ ብቻ አይለካም። ጥቂት ሔክታር እንኳ የሌላቸው ገበሬዎች ተሰብስበው ማጠቢያ ጣቢያ አቁመዋል፤ በዩኒየን በኩል ቡናቸውን ወደ ውጭ ይልካሉ። ይህን የሠራ አደረጃጀት ለቀበሌ የታዳጊ ቡድን የሚሆን መነሻ አያጣም፤ መነሻው የሚጠይቀውም የሊግ በጀት ሳይሆን ሜዳ፣ ኳስና የሚያሠለጥን ሰው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። በኢትዮጵያ ቦታንና ማንነትን ከኳስ ጋር ማያያዝ እሳት ማቀበል ነው ይላል። ገደብ ደግሞ ይህን የማያውቅ ስፍራ አይደለም፤ በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለዋል፤ ገደብም ከተጠለሉባቸው ቦታዎች አንዷ ነበረች። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የክለብ ደጋፊ ግጭት የብሔር መልክ ሲይዝ አይተናል። ይህን ረስቶ ስለ ማንነት የሚጽፍ ሰው ኃላፊነቱን አላወቀም። ነገር ግን ከቢልባኦ የተማርኩት ዋና ነገር ያለው እዚሁ ላይ ነው። የክለቡን ማልያ ለብሶ 251 የሊግ ጨዋታ ሳያቋርጥ የተጫወተው ኢኛኪ ዊሊያምስ የጋና ተወላጆች ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ሰሃራን በእግራቸው አቋርጠው ስፔን ደርሰው እሱ በቢልባኦ ተወለደ። ወንድሙ ኒኮ ደግሞ በፓምፕሎና ተወልዶ ለስፔን ብሔራዊ ቡድን በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ጎል አግብቷል። ሁለቱም ባስክ የሆኑት በአያት ቆጠራ አይደለም፤ በአደጉበት ምድርና ኳስ በተማሩበት ሜዳ ነው። ከደም የሚነሣ ማንነት በር ይዘጋል፤ ካደጉበት ቦታ የሚነሣ ግን በር ይከፍታል። በጌዴኦ ኮረብቶች ውስጥ የሚኖር የጉጂ፣ የሲዳማ፣ የአማራ፣ የጉራጌ ልጅ ሁሉ በዚያው ሜዳ ኳስ ተምሮ ያደገ ከሆነ የክለቡ ልጅ ነው። ይህንን በመተዳደሪያ ደንብ ላይ በግልጽ የጻፈ ክለብ በማንነት ለሚያጣሉ ሰዎች ክፍት ቦታ አይተውም፤ ዝም ያለ ክለብ ግን ይተዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የልብ ነው። በየከተማው በዲኤስቲቪ ቤት የሚቀመጠውን ወጣት እንይ። በቤቱ ፊት የሳምንቱ ጨዋታዎች በጠመኔ የተጻፈበት ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ውስጥ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ መግቢያው ተከፍሎ ቦታ ተይዟል፤ ከላሊጋም ከፕሪሚየር ሊግም ያለው ይታያል። ይህ ወጣት ልቡን ለባርሴሎና ሰጥቶ ሳለ የቀበሌ ቡድን እንዲወድ እንዴት ይገፋፋል? መልሴ አይገፋፋ የሚል ነው። ባርሴሎናን መውደድ ጥፋት አይደለም፤ የኳስ ውበት በድንበር አይታጠርም። ይልቅ የሚወደውን ክለብ አብጠርጥሮ ይወቀው። ባርሴሎናና ሪያል ማድሪድ፣ አትሌቲክ ቢልባኦና ኦሳሱና እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የስፖርት ሕግ ሌሎችን የሙያ ክለቦች አክሲዮን ማኅበር እንዲሆኑ ሲያስገድድ የአባላት ንብረት ሆነው የቀሩ አራት ክለቦች ናቸው። የባርሴሎና አባል ፕሬዚዳንቱን በድምፁ ይመርጣል። እዚህ ያለው ደጋፊ ለዚያ ክለብ ይጮኻል፣ ማልያ ይገዛል፣ በሽንፈቱ ያዝናል፤ ድምፅ ግን የለውም። ድምፅ ሊኖረው የሚችልበት ብቸኛ ክለብ ከቤቱ ደጃፍ ያለው ነው። የሩቁን ክለብ መውደድ የቅርቡን ማስተዳደር ያስተምረዋል እንጂ ምን ይጎዳዋል?

የቅርቡ ክለብ ደግሞ የለም አይባልም። ጌዴኦ ዲላ በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ የዞኑን ስም ተሸክሞ የተጫወተ ቡድን ነው። ብዙ ሰው የቡድን ማንነት ሲል የወንዶችን ኳስ ብቻ ያስባል፤ የጌዴኦን ስም በአገር አቀፍ ሊግ ያስጠሩት ግን ሴቶቹ ናቸው። በማድረቂያው አልጋ ዙሪያ ቆመው የቡናውን ጥራት የሚጠብቁትም ሴቶች ናቸው። ይህ የአጋጣሚ መገጣጠም ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ስለ ባለቤትነት ሲወራ የሴቶቹ ድምፅ መቅደም እንዳለበት ያስገነዝባል። ክለቡ ሥራውን ከዚህ ቢጀምር ይበጃል፦ በዓመት ጥቂት ብር የሚከፍል አባል፣ በየቀበሌው የተደራጀ የደጋፊ ማኅበር፣ በእያንዳንዱ ወረዳ አንድ የተደለደለ ሜዳ፣ ልጆቹ የት እንዳደጉ ብቻ የሚጠይቅ የምልመላ ደንብ፣ ዓመታዊ ሒሳብን ለጉባኤ የሚያቀርብ አመራር። ጌዴኦ ለጉባኤ አዲስ አይደለም፤ በሶንጎ፣ ማለትም በባህላዊ ሸንጎው፣ ተቀምጦ መምከርና መወሰን የኖረበት ነው። የከተማ አስተዳደሩ በጀት አይቁረጥ፤ ግን በጀቱ ብቸኛ ምሰሶ አይሁን። ምሰሶው ብዙ ሲሆን አንዱ ቢሰበር ጣሪያው አይወድቅም።

የቡና ስም ምርጥ ቡና በማብቀል ብቻ አልዳነም፤ ስሙን የሚያጠፋው አሠራር በመጣ ጊዜ የያዘው የተደራጀ ሰው ስለነበረ ነው። በኳስም የጎደለን ተሰጥኦ አይደለም፤ ተሰጥኦውን በስሙ የሚይዝ፣ በመጥፎ ዓመት የማይለቅና በጉባኤ ድምፅ የሚሰጥ ባለቤት ነው። ቢልባኦ መቶ ዓመት የወሰደባት ይህን ለመጠበቅ ነው፤ ኤይባር በአንድ ክረምት የተረባረበችው ይህንን ለመግዛት ነው። ጌዴኦ ሁለቱንም በቡናው አድርጎታልና ከባዶ አይነሣም። የሚቀረው ለቡናው የሠራውን ለልጆቹ መድገም ነው፤ የመጀመሪያውም እርምጃ ክለቡ የማን ነው የሚለውን ጥያቄ ለቢሮ ሳይሆን ለጉባኤ ማቅረብ ነው።